የስሜን ተራሮች ሕግ፤ ከነጋሪት ጋዜጣ እስከ ጊች ሜዳ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ በጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ጊችና ወደ ጨነቅ የሚወጣ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ የሚፈጽመውም ሆነ ስካውት፣ አስጎብኚና በቅሎ የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ለጎብኚው ደባርቅ መነሻ ከተማ ናት። ለመንግሥት ሠራተኛው ግን ሌላም ትርጉም አላት። በአገራችን የወጡት የአካባቢ ጥበቃ ሕጎች ሁሉ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትእዛዝ እስከ ቅርብ ጊዜ አዋጆች ድረስ፣ በአንድ ቦታ ተደራርበው የተፈተኑት በዚህ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሕጉ ገደሉ አፋፍ ላይ ገብስ ከሚዘራ ገበሬ፣ በጎች ከሚያግድ ልጅና መንገድ ከሚጠይቅ ወረዳ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን መረዳት ደግሞ ሌላ ነው።

የፓርኩ ሕጋዊ ታሪክ የሚጀምረው ጥቅምት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ትእዛዝ ቁጥር 59 የስሜንን ተራሮች 136 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ወሰን ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ደነገገ። ለንጽጽር ያህል፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሚሠራበት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አሠራር አባት ተደርጎ የሚቆጠረው የአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ በዚያች አገር ምክር ቤት የጸደቀው ከዚህ ትእዛዝ ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ነበር። ኢትዮጵያ በዘርፉ ዘግይታ የገባች አገር ናት የሚለው አባባል በዚህ ረገድ ልክ አይደለም።

ትእዛዙ እንዲወጣ ያደረገው ዋነኛ ምክንያት ዋልያ አይቤክስ ነበር። ዋልያ በዓለም ላይ በስሜን ተራሮች እንጂ በሌላ ቦታ የማይገኝ እንስሳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የቀሩት 150 ያህል ብቻ እንደሚሆኑ ተገምቶ ነበር። ከዋልያ ሌላ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በአካባቢው ይኖራሉ። ከፍተኛው ሥፍራ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚበቅልበት፣ ከዚያ ዝቅ ያለው የአስታ ደን ያለበት ነው። የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን የነበረው የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በሥራው ላይ ቆይቶ በኋላ ስለዚሁ ቆይታው መጽሐፍ አሳትሟል።

እዚህ ላይ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ትእዛዙ ወሰን ሲያሰምር በወሰኑ ውስጥ ሰው ይኖር ነበር። መንደሮች ነበሩ፤ የእርሻ ማሳ ነበረ፤ የግጦሽ መሬት ነበረ። እነዚህ ሰዎች ወደ ፓርክ የገቡ አልነበሩም፤ ፓርኩ ነው ወደ እነርሱ የመጣው። ከዚያ በኋላ በስሜን ለተነሡት የሕግ ጥያቄዎች በሙሉ መነሻው ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ኃይል ነበር። በ1971 ዓ.ም. ገደማ በገደሉ ሰሜናዊ ግርጌ የሚገኙ መንደሮች ነዋሪዎች ተገደው እንዲነሡ ተደርገዋል። ይህ በሆነበት ዘመን አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የስሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የገቡት ሥፍራዎች 12 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ስሜንና ላሊበላ። ኢትዮጵያ የዓለም ቅርስ ስምምነትን ያጸደቀችው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ ከጸደቀ ወዲህ የስሜን ጉዳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቀጥሎ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ፓርኩን ያለ ጠባቂ አስቀረው፤ በውስጡ የነበሩት ተቋማትም ወደሙ።

የአሁኑ የሕግ ሥርዓት የሚጀምረው ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 44 ሁለት ንዑስ አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያው ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ በየስብሰባው ይጠቀሳል። ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ያን ያህል ሲጠቀስ አይሰማም። መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ በመንግሥት በቂ እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርን ጨምሮ ተመጣጣኝ የሆነ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሕገ መንግሥቱ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ሥር ማስቀመጡ በአጋጣሚ የተደረገ አይመስልም። አንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በስሜን ጉዳይ የተሠሩት ስሕተቶችም ሆኑ የተገኙት ውጤቶች የሚመዘኑት በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ነው።

ከሕገ መንግሥቱ ቀጥሎ የወጡትን አዋጆች በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 9/1987 ተቋቋመ። የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295/1995፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ናቸው። በዱር እንስሳት በኩል አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቋመ። ባለሥልጣን የነበረው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር፣ ቆይቶም የአካባቢ፣ ደንና አየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ሆኖ፣ በ2014 ዓ.ም. እንደገና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሏል። በየወረዳው ያለ ባለሙያ የደብዳቤውን አናት ለማስተካከል ብቻ ስንት ጊዜ ማኅተም እንዳስቀረጸ መገመት አያዳግትም።

ከእነዚህ ሁሉ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያለ ሹም ሊያውቀው የሚገባው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ነው። የ299/1995 ዋና ሐሳብ ቀላል ነው። ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት ማንም ሰው ከባለሥልጣኑ ወይም ከሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ከለከለ። ግዴታው በባለ ፕሮጀክቱ ላይ ብቻ አልተጣለም። የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ መሰጠቱን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ስለዚህ የድንጋይ ካባ ለመክፈት የቀረበለትን ማመልከቻ ያለ ግምገማ የፈቀደ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሌላው ሕግ ሲጥስ ዝም ብሎ የተመለከተ አይደለም፤ እርሱ ራሱ በአዋጁ የተጣለበትን ግዴታ አልተወጣም። የባለሥልጣኑ የግምገማ መመሪያ ሰነዶችም እንደ ብሔራዊ ፓርክ ያሉ ሥፍራዎችን የሚነኩ ሥራዎች ሙሉ ጥናት እንዲደረግባቸው ያመለክታሉ።

በተግባር ግን ችግር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባለሥልጣኑ የግምገማ ሰነዶችን የመመርመር ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጠ። ሐሳቡ ሥራ እንዲቀላጠፍ ነበር። ውጤቱ ግን መንገድን፣ ማዕድንን ወይም ኢንዱስትሪን ለማስፋፋት የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ራሱ በሚያስፋፋው ሥራ ላይ ዳኛ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ይህ አደረጃጀት ከመጀመሪያውም የተሳካ ነበር ለማለት አይቻልም።

ለመንገድ የስሜንን ያህል ግልጽ ምሳሌ የለም። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚወስደው የጠጠር መንገድ የተቆረጠው ፓርኩን አቋርጦ ነው። በዚያ ዘመን 299/1995 ገና አልወጣም። መንገዱ ለጃናሞራና ለበየዳ ነዋሪ የሚሰጠው ጥቅም አያጠያይቅም። ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ያን ተራራ የወረደ ሰው መንገዱ ለምን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው የት በኩል ይሠራ የሚል ነበር፤ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ እንዲጠየቅ የሚያስገድድ ሕግ ግን በጊዜው አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከውጭ ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በኅዳር 1989 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሜሪዳ ባደረገው ስብሰባ ስሜንን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባ። የተጠቀሱት ምክንያቶች የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ መጨመርና የመንገድ ሥራው ነበሩ። የክልሉ አካላት ውሳኔውን በጊዜው አልተቀበሉትም። ያን ጊዜ የፓርኩ አስተዳደር ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወደ አማራ ክልል ተላልፎ ነበር። አንዳንድ ሹማምንት መዝገቡን እንደ ውርደት ቢያዩትም፣ በስምምነቱ አንቀጾች መሠረት መዝገቡ ቅጣት ሳይሆን እርዳታ የሚጠራበት መንገድ ነው።

ከልዩነቱ በኋላ የተደረሰበት መፍትሔ ለሕግ ባለሙያ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመዝገቡ ለመውጣት መሟላት ያለባቸው መመዘኛዎች ተለይተው ተቀመጡ። መንደሮች ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ ወሰኑ እንዲስተካከል፣ ፓርኩ ቢያንስ መሳረሪያንና ሊማሊሞን እንዲያካትት፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሕዝብ ጫና እንዲቀንስ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በተሻለ ቁጥር እንዲጠበቁ የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ልብ ይሏል። ሰውን ከወሰኑ ከማውጣት ይልቅ ወሰኑን ከሰው እንዲያወጡት ነበር የተጠየቀው። ብዙ ሕዝብ የሰፈረባቸው የፓርኩ ዳርቻዎች እንዲወጡ፣ በምትካቸው ሰው የማይኖርባቸው ወይም በጣም ጥቂት የሚኖርባቸው ከፍተኛ ቦታዎች እንዲገቡ በ1990ዎቹ አጋማሽ በመሬት ላይ የወሰን ማስተካከል ሥራ ተሠራ። ኋላም ፓርኩ ወደ ስልኪና ወደ ራስ ደጀን አቅጣጫ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ከ1962 ዓ.ም. ወሰን ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በስሜን ከተወሰዱት የሕግ ማስከበር እርምጃዎች ሁሉ የተሻለው ይኸው ወሰንን የማስተካከል ሥራ ነበር። በብዙ ሺህ ገበሬዎች ላይ ክስ ሳይመሠረት እነርሱን ከሕገ ወጥነት አውጥቷልና።

ይሁን እንጂ አንድ ክፍተት ለረጅም ጊዜ ቀርቶ ነበር። በመሬት ላይ የተስተካከለው ወሰን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2014 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 337 ነው። በመሐሉ አሥር ዓመት ያህል አለፈ። በእነዚህ ዓመታት በሊማሊሞ የሚዞረው ስካውት የሚያስከብረው ወሰን በድንጋይ ምልክት ላይ እንጂ በፌዴራል ሕግ ላይ አልነበረም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 2 በሕግ ያልተደነገገ ድርጊት እንደ ወንጀል አይቆጠርም ይላል። አንድ ሰው ከአዲሱ ወሰን ውስጥ እንጨት ቆርጦ ቢገኝና ጠበቃው የ1962ን ትእዛዝ ይዞ ቢቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይመልስ ነበር? እንዲህ ዓይነቱ ክፍተት በየመሥሪያ ቤቱ በሌላ መልክ ይደጋገማል። ጥናቱ ያልቃል፣ ምክክሩ ይደረጋል፣ ካርታው ይነሣል፤ ረቂቁ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቆያል።

የቅጣት ድንጋጌዎቹንም ጎን ለጎን ማየት ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣ በዱር እንስሳትና በጥብቅ ሥፍራዎች ላይ የሚፈጸም ጥፋት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እሥራት ወይም በሁለቱም እንዲያስቀጣ ደንግጎ ነበር። 299/1995 በበኩሉ ፈቃድ ሳያገኝ ፕሮጀክት የጀመረን ወይም በጥናቱ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 521 ለተመሳሳይ ጥፋት ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ደነገገ። እንግዲህ በፓርክ ውስጥ የተከለከለ ድርጊት የፈጸመ አርሶ አደር በ541 ቢከሰስ ዝቅተኛው መቀጮ በዘመኑ የበሬ ጥማድ ዋጋ ያስከፍለው ነበር። በብዙ ሚሊዮን ብር የሚቆጠር ሥራ ያለ ፈቃድ የጀመረ ድርጅት ግን ከ100,000 ብር በላይ አይጠየቅም፤ ያ ገንዘብም የዋጋ ንረት በየዓመቱ ሲሸረሽረው ኖሯል። ዳኞችም ሆኑ የፓርክ ሠራተኞች በትንሹ ሰው ላይ ሕጉን ለመጠቀም ቢያመነቱ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ፓርኩ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚተዳደር መሆኑ ሌላ የአሠራር ጥያቄ ያስነሣል። ከፌዴራል ሕግ የሚመነጭ ጉዳይ ሲነሣ ባለ ጉዳይ የግድ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። በዞን ደረጃ የተቀመጠ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ይችላል ማለት ነው።

ከፓርኩ ወሰን ውጭ፣ በዳባትና በደባርቅ ወረዳዎች ዳገታማ ማሳዎች ላይ ደግሞ የሚሠራው ሌላ ሕግ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ዳገታማ መሬትን በተዳፋት መጠን ከፋፍሎ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ሆነ ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው አመታዊ ሰብል ሊዘራበት የሚችለው የጠረጴዛ እርከን ከተሠራበት ብቻ ነው አለ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የተተካ ቢሆንም፣ በአካባቢው የተሠሩት እርከኖችና ከንክኪ ነጻ የተደረጉ ተራሮች በአብዛኛው የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ስሜንን ከዳር ሆኖ ለተመለከተ ሰው የዳባት አፈር ጉዳይ ከዋልያ ጉዳይ ጋር የሚያያዝ ላይመስለው ይችላል። ነገር ግን ቆላውና ወይና ደጋው ማሳ አፈሩ ታጥቦ ሲያልቅ ገበሬው ሌላ መሬት የሚፈልገው ወደ ላይ፣ ወደ ገብሱ አገር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጓሳና ጅብራ ነው።

ወደ ጊች እንመለስ። ጊች በፓርኩ እምብርት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የነበረች መንደር ናት። ወሰኑ ሲስተካከል እንደ ሌሎቹ ወደ ውጭ ልትወጣ አልቻለችም፤ ያለችው መሐል ላይ ነውና። ስለዚህ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ታቀደ። ዝግጅቱ ዓመታት ፈጅቶ በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። የከተማ ቦታና የገንዘብ ካሳ ተሰጣቸው። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ ክራኮቭ ባደረገው ስብሰባ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣ። ክራኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ከስሜን ጋር በአንድ ቀን የዓለም ቅርስ የሆነች ከተማ መሆኗ የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ለአገሪቱ ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር፤ በዜናም በዚያው መልክ ተነግሯል። ለጊች ሰው ግን የሕይወት ለውጥ ነበር። በከፍተኛው ሜዳ ላይ በግና ከብት እያረባ፣ ገብስ እያመረተ፣ በቅሎውን ለጎብኚ እያከራየ የኖረ ሰው የከተማ ነዋሪ ሆነ። የ1971ን ሁኔታ ከ2008 ጋር በእኩል ዓይን ማየት ተገቢ አይደለም፤ የኋለኛው ምክክር ተደርጎበት፣ ካሳ ተከፍሎበት የተፈጸመ ነው። ይሁንና ካሳው የተከፈለበትን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሣ የገጠር ባለ ይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ፣ መሬቱ ከመለቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው ዓመታዊ አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። ስሌቱ የሚነሣው ከግል ማሳ ነው። የጊች ሰው ሀብት ግን ማሳው ብቻ አልነበረም። ማንም በስሙ ያላስመዘገበው፣ ሁሉም የሚያሰማራበት የወል ግጦሽ ነበር። ከብት ተሸጦ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ከብቱ ይበላው የነበረውን ሣር ግን የ455 ስሌት በቀላሉ አይዘውም።

ይህ ጉድለት በሕግ አውጪው ዘንድ ሳይታወቅ አልቀረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የመፈናቀያ ካሳውን ባለ ይዞታው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። የወል መሬትን በስም ጠቅሶ፣ ተጠቃሚው ሕዝብ ያጣው ጥቅም እንዲታሰብለት ደነገገ። ተነሺዎች በዘለቄታው የሚቋቋሙበት አሠራር እንዲኖርም አዘዘ። አዋጁ የወጣው የጊች ሰዎች ደባርቅ ከገቡ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራምና፣ የተሻሻለው ስሌት አልደረሰላቸውም። በአንቀጽ 44 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ «ተመጣጣኝ» የተባለው ቃል ግን በ1987 ዓ.ም. የተጻፈ ነው።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ ከፍተኛ ሥፍራ እሳት ተነሣ። ሰው በለቀቀበት በጊች አካባቢ ያለው ሣርና አስታ ተቃጠለ። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ቦታው ለተሽከርካሪ የማይመች በመሆኑ ቀድሞ መድረስ የሚችለው የአቅራቢያው ነዋሪ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የነበረው ጦርነትና የጸጥታ ችግር ደግሞ የስካውቱን ዙረትም የጎብኚውን ጉዞም አስተጓጉሏል። ጎብኚ ሲጠፋ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩና አስጎብኚው ገቢ ያጣሉ።

በመጨረሻ ስለ አቤቱታ መንገድ አንድ ነገር እናንሣ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚባል ሰው ላይ ማንኛውም ሰው ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል። የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የ30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው አቤቱታው ለመሥሪያ ቤቱ ከቀረበበት ዕለት ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ማመልከቻውን ሲቀበል ቀንና ቁጥር ጽፎበት፣ ማኅተም አድርጎ ቅጂውን ለአመልካቹ መመለስ ይኖርበታል። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ገበሬ ጊዜው ማለፉን ወይም አለማለፉን የሚያስረዳበት ሌላ ማስረጃ አይኖረውም።